ዓይኔ ታሞ ጭንቅላቴ ለምን ደከመ?

የታይሮይድ ዓይን ሕመም ያለበት ሰው ስለ ዓይኑ ብዙ ይነገረዋል። ስለ ጠብታው፣ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ስቴሮይዱ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው። ስለ ጭንቅላቱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔን ደግሞ ከዓይኑ እኩል ያስቸገረኝ እሱ ነው።

እስቲ ይሄ የእናንተም ከሆነ ተመልከቱት። አንድ አንቀጽ አንብባችሁ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያው ጠፍቷል። ሰው በበዛበት ቦታ ትንሽ ስትቆዩ ትዝላላችሁ። ወሬ መሃል የምታውቁት ቃል እምቢ ይላችኋል። ቀኑን ሙሉ ይሄ ነው የሚባል ሥራ ሳትሠሩ ማታ ድቅቅ ብላችሁ ትተኛላችሁ። ለሐኪም ስትናገሩ «ታይሮይዱ ነው» ወይም «ጭንቀት ነው» ትባላላችሁ። እኔም ተብያለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ ግን ነገሩ በእነሱ አያልቅም። ተመራማሪዎች የዚህን በሽታ ታማሚዎች አንጎል በኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው ማሽን) ሲያዩ፣ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ሁኔታ ከጤነኛ ሰው ለየት ብሎ አግኝተውታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ታማሚ ነኝ። ከእነዚህ ጥናቶች በአንዱ በፈቃደኝነት ገብቼ ስለነበር ያየሁትንና የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

በሽታውን ገና ለምትተዋወቁት በአጭሩ። ግሬቭስ የሚባል የታይሮይድ በሽታ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 ስለ በሽታው በጻፈው አየርላንዳዊ ሐኪም በሮበርት ግሬቭስ ነው የሚጠራው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና አንገት ላይ ያለውን የራሱን የታይሮይድ እጢ የሚቀሰቅስ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። እጢው ሆርሞኑን ያለ ልክ ይለቀዋል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ኪሎ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ችግሩ ይኸው ፀረ እንግዳ አካል የሚያርፍበት ተቀባይ ከዓይን ጀርባ ባሉ ሕዋሳት ላይም መኖሩ ነው። እዚያም እብጠት ይነሳል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ይወፍራሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ስብ ይጨምራል። ዓይን የተቀመጠበት ጉድጓድ አጥንት ነው፣ አይሰፋም። ያበጠው ነገር መሄጃ ሲያጣ ዓይኑን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ግሬቭስ ካለባቸው ሰዎች ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት የሆነ የዓይን ምልክት ይታይባቸዋል። አብዛኛው ቀላል ነው። ማየትን የሚያሰጋ ደረጃ የሚደርሱት ከመቶ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ናቸው። ሴቶች በብዛት ይያዛሉ፣ ወንዶች ሲይዛቸው ደግሞ ይጠናባቸዋል። አንዳንዱ ሰው ሆርሞኑ ልክ ሆኖም ዓይኑ ይታመማል፤ ስለዚህ «ታይሮይድህ ጤነኛ ነው» መባል ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም።

የእኔ የጀመረው በዓይን ቆቤ ነው። የላይኛው ቆብ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነጩ ወጣ። ሰዎች «ምን አድርጌሽ ነው የምታፈጪብኝ?» ይሉኛል፣ ግማሹ በቀልድ ግማሹ በምር። ቀጥሎ ማቃጠል፣ እንባ፣ ብርሃን መጥላት መጣ። ከዚያ ሁለት ሁለት ማየት።

ሁለት ማየቱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጎን ለጎን አልነበረም። አንዱ ምስል ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ትንሽ ዘመም ብሎ። በዚህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጠቃው ከዓይን ኳስ ሥር ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ወፍሮ ሲገትር ዓይን ወደ ላይ አልወጣም ይላል። ሰውየውም ሳይታወቀው አገጩን ቀና አድርጎ መሄድ ይጀምራል። እህቴ «ምን ዓይነት ኩራት ነው ይሄ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንገቴ ግን አልሳቀም።

ጠዋት ይብሳል። ሌሊቱን ተጋድመን ስናድር ፈሳሹ ከዓይን ጀርባ ስለሚጠራቀም ነው። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስል ሁለት ብርጭቆ ይታየኛል። የቱ እውነተኛው እንደሆነ ለማወቅ በእጄ ዳብሼ አፉን እይዛለሁ፣ አንድ ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፍና ውሃው ጣቴን ሲነካው አቆማለሁ። ደረጃ ስወርድ የመጀመሪያውን በእግሬ ጫፍ እፈትነዋለሁ። ሰው ሲያናግረኝ የትኛውን ፊት እያየሁ እንደምመልስ እመርጣለሁ። ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እያሰብኩ ነበር የማደርገው።

ሕክምናው ተጀመረ። የታይሮይድ መድኃኒቱ ሆርሞኑን አወረደው። ስቴሮይዱ እብጠቱን አበረደው። የደም ምርመራዬ ልክ ሆነ፣ ሁሉም ደስ አለው። ጭንቅላቴ ግን እንዳለ ነበር። የዓይን ሐኪሜን ሌላ ሰው ያልሰማው ነገር እንዳይመስለው እየፈራሁ ጠየቅኩት። እሱ ግን አልገረመውም። «እኛ ዓይንዎን ለብቻው እናክመዋለን፣ አንጎልዎ ግን ዓይንዎ መታመሙን ከማንም በፊት ነው ያወቀው» አለኝ። ፈቃደኛ ታማሚዎች የሚፈልግ የአንጎል ጥናት እንዳለም የነገረኝ እሱ ነው።

ጥናቱ የጀመረው በወረቀት ነው። ሰዓት ይሳሉ ተባልኩ፣ ቁጥሮቹንና ቆጣሪዎቹን አስገብቼ። ቃላት ተነገሩኝና ቆየት ብሎ አስታውሱ ተባልኩ። አንዱ ቃል እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ስለ ስሜቴም ተጠየቅኩ፦ እንቅልፍ፣ ድባቴ፣ መፍራት፣ ሰው መሸሽ። ከዚያ ማሽኑ።

ኤምአርአይ ገብታችሁ የምታውቁ ጩኸቱን ታውቁታላችሁ። ብረት ነገር በሙሉ ይወልቃል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ጭንቅላት ከላይ በሚዘጋ ክፈፍ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ጥናት የተሰጠኝ ትእዛዝ ቀላል ይመስላል፦ ዓይንዎን ጨፍነው ይተኙ፣ እንቅልፍ ግን አይውሰድዎ፣ የተለየ ነገር አያስቡ። ዓይኔ ሙሉ በሙሉ እንደማይከደን ማን ይንገራቸው! ቆቡ ስለተሰበሰበ በታች በኩል ክፍት ይቀራል፣ የማሽኑ አየር ደግሞ ያደርቀዋል፣ ማሸት አይቻልም፣ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። እናንተም ለማንኛውም ምክንያት ኤምአርአይ ስትገቡ ከመተኛታችሁ በፊት ወፍራም የሆነውን የዓይን ማለስለሻ ጨምሩ። ለባለሙያውም ዓይኔ አይገጥምም በሉት። እኔ ነግሬው ጠብታ እስክጨምር ጠብቆኛል።

ዝም ብሎ የተኛ ሰው አንጎል ምን ይታይበታል? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው። አንጎል ሰው ዝም ሲል ዝም አይልም። የሠራ የአንጎል ክፍል ደም ይስባል፣ ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም ደግሞ በማግኔት ሲታዩ ይለያያሉ። ሴጂ ኦጋዋ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 ይህን ካሳየ ወዲህ አንጎል ሲሠራ ከውጭ ማየት ተቻለ። በ1995 ደግሞ ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ አንድ የሚገርም ነገር አወጡ። ሰውየው ምንም ሳያደርግ ተኝቶ እያለ እጅን የሚያዙት የግራና የቀኝ የአንጎል ክፍሎች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። የሚታዘዝ እጅ የለም፣ እነሱ ግን እኩል ይሄዳሉ። «የአንጎል ትስስር» ሲባል የምትሰሙት በአብዛኛው ይሄ ነው። ሽቦ ተቆጥሮ አይደለም። በሁለት የተለያየ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች በእኩል ምት ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ብታዩ አንድ ዘፈን እየሰሙ ነው ትላላችሁ አይደል? ትስስር የሚለካው እንደዚያ ነው።

በታይሮይድ ዓይን ሕመም ላይ እንዲህ ያለ ጥናት በብዛት የተሠራው በቻይና ነው። ደጋግመው የሚነሱት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛው በራስ ቅል ኋላ ያለው የማየት ክፍል ነው፣ ይሄ ማንንም አይገርምም። ሌላው ትንሹ አንጎል ነው። እሱ ሚዛን ብቻ ይመስለን ነበር፣ ግን የዓይንን እንቅስቃሴ በማስተካከልም ትልቅ ሥራ አለው። ሦስተኛው ማርከስ ሬይችልና ባልደረቦቹ በ2001 ስም ያወጡለት የአንጎል ክፍሎች መረብ ነው፤ ሥራ ፈትተን ስለ ራሳችን፣ ስለ ትናንትና ስለ ነገ ስናስብ የሚነቃው። ትኩረትና ስሜት ላይ የሚሠሩ ክፍሎችም ይነሳሉ። በአንዳንዱ ቦታ ትስስሩ ቀንሶ ይገኛል፣ በሌላው ጨምሮ። በአንዳንድ ጥናቶች ለውጡ ከእይታ መለኪያ ጋር፣ በሌሎቹ ከማስታወስ ፈተና ወይም ከጭንቀትና ድባቴ ነጥብ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ሰነፍ አልሆንኩም ማለት ነው፣ ፈጠራም አይደለም። ቀጥሎ ደነገጥኩ፣ አንጎሌ ተበላሽቷል ወይ ብዬ። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ በቀጥታ ወደ ፍርሃት ነው የሚሮጠው።

ለውጥ ማለት ጉዳት ማለት አይደለም። ጨመረ የተባለው ትስስር አንጎሉ ክፍተቱን ለመሙላት ተጨማሪ ሲለፋ የሚታይ ሊሆን ይችላል፣ ቀነሰ የተባለውም ከዓይን የሚመጣው መልእክት ስለተረበሸ። ከዚያ ደግሞ ጥናቶቹ አብዛኛዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ታማሚዎቹ በአሥር ቤት የሚቆጠሩ። አብዛኞቹ ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያዩት። አንድ ጊዜ የተነሳ ፎቶ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አይነግራችሁም። ዓይኑ ነው አንጎሉን የለወጠው? ከመጠን ያለፈው የታይሮይድ ሆርሞን ራሱ አንጎልን ይነካል። ስቴሮይድ ስሜትንም እንቅልፍንም ይነካል። ፊቱ ተለውጦ ከሰው የሚሸሽ ሰው ደግሞ ያዝናል፣ ሐዘንም አንጎል ላይ ይታያል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ባንድ ጊዜ ሲገናኙ መለያየቱ ከባድ ነው።

ሌላው፣ እና ለእኔ ዋናው፣ ውጤቱ የአንድ ሰው አይደለም። ማሽኑን ያንቀሳቅሰው የነበረውን ባለሙያ «የእኔስ እንዴት ነው?» አልኩት። «የእርስዎ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የታማሚዎቹን አማካይ ከጤነኞቹ አማካይ ጋር ነው የምናወዳድረው» አለኝ። በጤነኛ ሰዎች መካከልም ሰፊ ልዩነት አለ፣ የአንዱ ሰው ትስስር ከቀን ቀን፣ ከእንቅልፉ፣ ከድካሙ ጋር ይለዋወጣል። ስለዚህ የትስስር ኤምአርአይ እንዲያነሱላችሁ ብላችሁ አትልፉ። ከሕክምናችሁ አንዲት ነገር አይለውጥም። ሐኪሙ የዓይን ጉድጓድ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ካዘዘ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፣ የጡንቻውን ውፍረትና የዓይን ነርቭ መጨነቁን የሚያይበት ነው። እሱን አትለፉት።

ታዲያ ጥናቱ ለእኛ ምን ይጠቅማል? እኔ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ድካሙ መነሻ አለው፣ መነሻውንም አንድ በአንድ መቀነስ ይቻላል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ሁለት ማየቱን ማስቆም ነው። ሁለት ዓይን የተለያየ ምስል ሲልክ አንጎል አንድ ሊያደርገው ይታገላል። ልጅ ሲሆን የአንዱን ዓይን ምስል ዝም ሊያሰኘው ይችላል፣ ለዚህም ነው ሕፃናት ሁለት ይታየናል የማይሉት፣ በዚያው ግን አንዱ ዓይን ይሰንፋል። አዋቂ ሰው ይህን አይችልም። ትግሉ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ለእኔ መፍትሔው በመነጽር ላይ የሚለጠፍ ስስ የፕላስቲክ ፕሪዝም ነበር። ብርሃኑን አጠፍ አድርጎ ሁለቱን ምስል ያገናኛል። ትንሽ ያደበዝዛል፣ ከቅርብ ላየው መስመር መስመር አለው፣ ውበቱም አይወራም። ግን በሽታው ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ የዓይኑ አቅጣጫ ስለሚቀያየር፣ ነቅሎ ሌላ መለጠፍ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ፕሪዝሙን ካደረግኩ በኋላ ሁለቱ ምስል ወዲያው ገጠመ፣ ጭንቅላቴ ግን ወዲያው አልቀለለም። ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ለውጥ ከሰዓት በኋላ መተኛት መተዌን ነው፣ ማንበቡ ከዚያ በጣም ቆይቶ ተመለሰ።

ፕሪዝም ለማይሆንለት ሰው አንዱን ዓይን መሸፈን አለ። ጥቁር ጨርቅ ማሰር ግድ አይደለም። በመነጽሩ አንዱ መስታወት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ግን የማያሳይ ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል፣ ሰውም ብዙ አያፈጥባችሁም። አንድ ዓይን ሲሸፈን ርቀት መገመት እንደሚያስቸግር ግን እወቁ። ደረጃና መንገድ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሁለት እየታያችሁ መኪና መንዳት ደግሞ በፍጹም አይሞከርም። ሐኪማችሁ ካልፈቀደ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ።

ለማንበብ፣ ከመስመሩ ሥር ካርድ ወይም ማስመሪያ አስቀምጡ። ዓይን መስመር ሲስት አንጎል ነው ፈልጎ የሚመልሰው፣ ያንን ልፋት ትቀንሱለታላችሁ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ዝቅ አድርጉት። ወደ ላይ ማየት የሚያቅተው ጡንቻ ወደ ታች ማየት ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። እኔ ስክሪኑን ዝቅ ሳደርግ የአንገቴም ሕመም አብሮ ለቀቀኝ። ስልክ ላይ ጽሑፉን ማስነበብም አለ፣ ጆሮ እኮ አልታመመም።

ደረቅ ዓይን ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቀኑን ሙሉ የሚቆረቁር ዓይን ትኩረት ይበላል። ሰው ሠራሽ እንባ ሲቆረቁር ብቻ ሳይሆን በየሰዓቱ፣ ማታ ደግሞ ወፍራሙን። ማታ ዓይኑ የማይከደን ሰው ቆቡን በስስ ፕላስተር ማያያዝ ይችላል፣ እንዴት እንደሚደረግ የዓይን ባለሙያ ያሳያችሁ። ራስጌን ከፍ አድርጎ መተኛት የጠዋቱን እብጠት ይቀንሳል።

ታይሮይዱ ልክ ይሁን። መብዛቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፣ ከልክ በታች መውረዱም ጭንቅላትን ያደነዝዛል፣ ዓይኑንም ያብሳል። ወደ ላይና ወደ ታች እየዋለለ የሚኖር ሆርሞን ይዞ «ለምን አልረጋሁም» ማለት ከንቱ ነው። ሐኪሙ በቀጠረው ጊዜ ደም ስጡ። የታይሮይድ ማብረጃ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣባችሁ ክኒኑን አቁማችሁ ያኑ ቀን የነጭ የደም ሴል ምርመራ አድርጉ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን አይቀለድበትም። የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ከታሰበላችሁ ዓይናችሁን ሊያባብስ እንደሚችል አንስታችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ አለ።

ሲጋራ። ይሄን ሁሉም ይለዋል፣ እኔም እላለሁ። በሽታው እንዲመጣ፣ እንዲብስና መድኃኒት እንዳይሰማ ያደርጋል። በዚህ በሽታ ውስጥ በእጃችን ካለው ነገር የሚበልጠው እሱ ነው። ገና ቀላል ደረጃ ላይ ላሉ ሴሊኒየም የሚባለውን ማዕድን ለ6 ወር መውሰድ እንደሚረዳ በ2011 የወጣ የአውሮፓ ጥናት አሳይቷል። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ግን አትጀምሩ፣ ሲበዛ ጎጂ ነው።

ስቴሮይድ የሚጀምር ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው አንዱ የተለመደ አወሳሰድ ለ6 ሳምንት በሳምንት 500 ሚሊግራም፣ ለቀጣዩ 6 ሳምንት 250 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱን በወሰድኩ ማታ እንቅልፍ የሚባል የለም። እኩለ ሌሊት ላይ ቁም ሳጥን ሳስተካክል ታገኙኛላችሁ፣ ደስ ብሎኝ። ከዚያ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ወድቄ አለቅሳለሁ፣ ያለምክንያት። ቤተሰብ ይህን ካላወቀ ጠብ ይነሳል። እኔ የመድኃኒቱን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ አክብቤ ሁሉም እንዲያየው ሰቀልኩት። «ዛሬ ቀይ ነው፣ ተዋት» ይባባላሉ። ሠርቷል። ስኳርና ደም ግፊታችሁም በየጊዜው ይለካ። ቴፕሮቱሙማብ የሚባል አዲስ መድኃኒት በአሜሪካ በጥር 2020 ተፈቅዷል፣ ለብዙዎች ዓይኑን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ግን መስማትን ሊቀንስና ስኳርን ሊያወጣ ስለሚችል እሱም ክትትል ይፈልጋል።

ስሜታችሁን ደብቃችሁ አትያዙት። ለዚህ በሽታ ተብሎ የተዘጋጀ 16 ጥያቄ ያለው የኑሮ መጠይቅ አለ፣ ግማሹ ስለ ማየት፣ ግማሹ ስለ መልክ። መልክ ግማሹን መያዙ በራሱ ይነግራችኋል። እኔ ፎቶ መነሳት ካቆምኩ ቆይቼ ነበር፣ ሰው ሲጠራኝ «አሞኛል» እያልኩ እቀር ነበር፣ ይሄ ድባቴ መሆኑን ያየሁት ጥያቄዎቹን ስሞላ ነው። የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ «ሁሉም ነገር በጭንቅላትሽ ነው» የሚለውን መቀበል አይደለም። የተረበሸ እንቅልፍና ድባቴ ሲታከሙ ትኩረትም አብሮ ይሻሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ቀለም ከደበዘዘባችሁ፣ በተለይ ቀይ በአንዱ ዓይን ደማቅ በሌላው የነጣ ሆኖ ከታያችሁ፣ እይታችሁ ከጨለመ፣ ዓይን አልከደን ብሎ ካመመ፣ ያኑ ቀን ሂዱ። የዓይን ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ አንድ ቀይ ነገር እያያችሁ ማወዳደር የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፣ እኔ ፊቴን ስታጠብ ቀይ ሳሙና ማስቀመጫውን አይበት ነበር።

ለሐኪም ስትናገሩ ደግሞ «ጭንቅላቴ ልክ አይደለም» ብቻ አትበሉ። እንደዚያ ሲባል የሚሰጣችሁ መልስ እንደዚያው ደፈናዊ ነው። «ከማንበብ ግማሽ ሰዓት በኋላ ግንባሬን ያመኛል፣ አንድ ዓይኔን ስሸፍን ይሻለኛል» በሉ። አንድ ዓይን ሲሸፈን ድካሙ ከቀለለ፣ ጥፋቱ ከሁለቱ ዓይን አለመግባባት የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም፣ ፕሪዝም ይጠየቃል። ሲሸፈንም ያው ከሆነ ሆርሞኑ፣ እንቅልፉ፣ ስሜቱ ይታያል። ይህቺን ቀላል ፈተና ማንም አልነገረኝም፣ ሳደርጋት ግን ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ቀና ብሎ ሰማኝ።

በሽታው ለዘላለም በዚያው አይቀጥልም። የሚያብጥበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይረጋል። የማስተካከያ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከረጋ በኋላ ነው፣ ማየት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር። ተራም አለው፦ መጀመሪያ ጉድጓዱን ማስፋት፣ ቀጥሎ ጡንቻውን ማስተካከል፣ መጨረሻ ቆቡን። አንዱ የሌላውን ውጤት ስለሚቀይር ነው ተራው የሚጠበቀው። ሁሉም ሰው ሦስቱንም አያስፈልገውም። እኔ ጉድጓዱ አላስፈለገኝም፣ የጡንቻውን ተሠርቻለሁ። አሁን ፊት ለፊትና ወደ ታች አንድ ነው የማየው። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ስፈልግ ግን አሁንም ሁለት ይሆናል፣ ስለዚህ ደረጃ ላይ ወጥቼ ከዓይኔ እኩል አድርጌ ነው የምፈልገው። የቀረኝ ቆቡ ነው። ሐኪሙ ዓይኑ ቦታውን እስኪይዝ እንጠብቅ ስላለ፣ እስከዚያ ጠብታዬን ይዤ እየጠበቅኩ ነው።